ሚያዝያ 27 እና የድሬዳዋ መጋቢት 20

ርእሰ አንቀጽ

አንድ ሕዝብ በዓመት ውስጥ ካሉት ቀኖች መካከል አንዱን ለይቶ «ይህ ቀን የእኔ ነው» ብሎ ሲያከብር፣ ያን ቀን የመረጠበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውላል እንጂ በዓል አከበረ አይባልም።

ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ይመጣል። ክፍሎች ይዘጋሉ፤ ከእኛም አብዛኞቻችን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወይም በየመኝታ ክፍላችን ሙቀቱን እያሳለፍን እንውላለን። በቴሌቪዥን አዲስ አበባ አራት ኪሎ ካለው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ እናያለን። በማግስቱ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ግን በዓሉ ስለ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅም የሚመልስም አይገኝም። ከጓደኞቻችን መካከል ሚያዝያ 27ን ከየካቲት 12 እና ከየካቲት 23 ጋር የሚያምታቱት ጥቂቶች አይደሉም። የካቲት 23 የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ነው፤ የካቲት 12 በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፋሺስቶች ሕዝቡን የፈጁበት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነው።

ሁለት ነው ማለታችን እንዲህ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደዚያችው ከተማ ተመልሰው ገቡ። አንዱ ቀን የውድቀትም የትንሣኤም ቀን ሆነ። ይህ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በጄኔራል ከኒንግሃም የሚመራው ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ሲገባባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ወደ አገራቸው ገብተው በጎጃም ከአርበኞች ጋር ሲገሰግሡ ቆይተው፣ ዋና ከተማቸው የገቡት ከወር ገደማ በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት በከተማው ስላለው የጣልያን ሕዝብ ደኅንነት ሠግተው ጉዞውን ማዘግየታቸው ይታወቃል። በዚህ ሁሉ መካከል የመግቢያው ቀን ጠላት በገባበት ቀን ላይ ዋለ፤ ውርደቱ በዚያው ቀን ተሻረ። በዚያኑ ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ በተሸነፈው ጠላት ላይ ቂሙን እንዳይወጣ መለመናቸውም የማይረሳ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። የመጨረሻው ታላቅ የጣልያን ምሽግ ጎንደር የወደቀው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዓሉ የተቆረጠው በጦርነቱ ፍጻሜ ሳይሆን በመንግሥቱ መመለስ ነው። የበዓሉ የኋላ ዕጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የወለዳት ድሬዳዋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ሁላችን በምናውቀው ለገሃር በኩል አለፉ። ከጥቂት ቀኖች በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ከሰሜን የመጣው የባዶሊዮ ጦርና ከደቡብ በኦጋዴን የመጣው የግራዚያኒ ጦር የተገናኙት በድሬዳዋ ነው። በዚያው ዕለት ማታ ሙሶሊኒ በሮማ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ የፋሺስት «ግዛተ ዐፄ» መቆሙን ለዓለም ለፈፈ።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ግን መጋቢት 20 ነው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ አይሮፕላኖች ጎረቤታችንን ሐረርን በቦምብ አቃጠሏት። ከተማይቱ ጦር የማይቀመጥባት፣ ለጦርነት የማትዘጋጅ ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ታውጆላት ነበር፤ ይህ ግን አላዳናትም። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ሐረር ነጻ ከወጣች ከሦስት ቀን በኋላ፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከሐረር ደጋ ወርደው ድሬዳዋ ገቡ። ጣልያኖች ሲሸሹ የቁልቁለቱን መንገድ በብዙ ቦታ አፍርሰውት ስለ ነበር መውረዱ ቀላል አልነበረም። እንግዲህ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 የሚባል ድርብ ቀን እንዳላት ሁሉ፣ የእኛም አገር በቀኑ ልክ አምስት ዓመት የሞላው ድርብ ቀን አለው፤ በአንዱ ሐረር ተቃጠለች፣ በሌላው ድሬዳዋ ነጻ ወጣች። ይህን ቀን ለይቶ የሚያከብር ሰው አላየንም። ከሐረር የመጡ ተማሪዎችና የድሬዳዋ ልጆች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተማሩ፣ አንድ ቀን ሁለቱን ከተሞች እንደሚያስተሳስር የነገራቸው የለም።

ነጻ መውጣትም በአንድ ጀምበር የሚፈጸም ነገር እንዳልነበረ ከእኛ ከተማ የተሻለ ምስክር የለም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል ኦጋዴን፣ የምድር ባቡሩና በድሬዳዋ ያለው የጦር ሰፈር በእንግሊዞች እጅ እንዲቆዩ ተደረገ። የምድር ባቡሩና የከተማችን ሰፈር የተመለሱት ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ውል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ሚያዝያ 27ን በሰልፍና በእልልታ ስታከብር፣ የድሬዳዋ ሰው በዓሉን የሚያከብረው የባዕድ ወታደር ሐዲዱን እየጠበቀ ነበር። የኦጋዴን ነገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሚያዝያ 27 ከታላላቆቹ የመንግሥት በዓላት አንዱ ነበር። ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል፣ ሐምሌ 16 የልደት በዓል፣ ሚያዝያ 27 የነጻነት በዓል እየተባሉ ተከታትለው ይከበሩ ነበር። እንዲህ አብረው መቆማቸው ግን ለሚያዝያ 27 ጉዳት ነበረው። አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው የተዋደቀው ሰው በዓል መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው የመመለሻ በዓል መሰለ። በዱር የቆዩ አርበኞች፣ ከስደት የተመለሱ መኳንንትና ለጣልያን ያደሩ ባንዶች በሹመት ገበታ ላይ በአንድነት ሲቀመጡ፣ አንዳንዴም ባንዳው ከአርበኛው በላይ ሲቀመጥ የታየበት ዘመን ስለ ነበር ቅሬታው ብዙ ነበር። ከጎጃም አርበኞች ስመ ጥሩው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞቱን ማስታወስ ይበቃል። በበዓሉ ቀን አደባባዩ በሰንደቅ ዓላማ ሲያጌጥ እንዲህ ያለውን ነገር አንሥቶ የሚናገር አልነበረም።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ የዘውዱና የልደቱ በዓላት አብረው ቀሩ። ሚያዝያ 27ም ከንጉሡ ስም ጋር ተጣብቆ ስለ ነበር አልተረፈም፤ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ድሉ የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ የንጉሥ መግቢያ ቀን አያስፈልገውም ማለት ነው። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አልነበረም። የተመረጠው ቀን ግን ጉድ አለበት። መጋቢት 28 ንጉሡ የሌሉበት ቀን ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ኢምፔሪያሊዝምን ሌት ተቀን የሚያወግዝ መንግሥት ንጉሡን ከበዓሉ ለማስወጣት ሲል የቅኝ ገዢ መንግሥት ጄኔራል የገባበትን ቀን የአርበኞች ቀን አደረገው። ከአሥር ዓመት በላይ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የተማረው ይህንኑ ቀን ነው። ዛሬ ወላጆቻችን መካከል «የድል በዓል መጋቢት 28 አልነበረም እንዴ?» የሚሉ ብንሰማ ልንስቅባቸው አይገባም፤ የተማሩትን ነው የሚናገሩት።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ቀኑ ተመለሰ እንጂ ልቡ የተመለሰ አይመስለንም። ለንጉሡ ሲባል ይከበር የነበረው ድምቀት የለም፤ በደርግ ዘመን የነበረው በግድ የሚወጡበት ሰልፍም የለም፤ በሁለቱ ፈንታ የገባው ዕረፍት ነው። የአርበኞች ማኅበር አባላት ካባቸውን ደርበው፣ ጎፈራቸውን አድርገው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ወደ አራት ኪሎ ይመጣሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከዓመት ዓመት ይመነምናል። በ1928 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በሕይወት ቢኖር ዛሬ ዕድሜው ከመቶ በላይ ነው። የቀረን የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ወሬ ነው።

በዓልን እንዲህ ማንሣትና መጣል የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች ናዚ ጀርመን የተሸነፈበትን የሜይ 8 በዓል በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታን ዘመን ትተውት ነበር፤ ምክንያቱ ከጀርመን ጋር ዕርቅ ለማጽናት ነው ተባለ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሚተራን መለሱት። በሁለቱም በኩል የተከራከሩት ሰዎች ግን በዓሉ ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። የእኛ ችግር ክርክሩ አይደለም፤ ክርክሩ እንኳ አለመኖሩ ነው።

ከዚህ ኅብረት አባላትና ከመምህራኖቻችን መካከል በዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ሚያዝያ 27 የፊውዳሉ ንጉሥ በዓል ነው፤ ምን ያገባናል?» ይላል። ሁለተኛው «ነጻ ያወጡን እንግሊዞች ናቸው፤ በሰው ድል መኩራት ምን ይባላል?» ይላል። ሦስተኛው «አገር የምታድገው በሥራ ነው፤ በዓል ይብቃ» የሚል ነው።

ለመጀመሪያዎቹ የምንመልሰው፣ ንጉሡ በቀኑ ውስጥ መኖራቸው ሌላው ሰው ሁሉ እንዲወጣ አያስገድድም የሚል ነው። ቀኑ ከንጉሡ በፊት የባዶሊዮ መግቢያ ቀን ነው፤ በሁለቱ ሚያዝያዎች መካከል ያለው አምስት ዓመት ደግሞ የማንም ሳይሆን የአርበኛው ነው። ለሁለተኞቹ የምንመልሰው፣ የእንግሊዝ ጦር አገራችን የደረሰው ጣልያን ሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀ በኋላ ነው የሚል ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ጠላት በገጠሩ እንዳይረጋ፣ መንገዱን እንዳያምን፣ ከምሽጉ ውጭ እንዳያድር ያደረገው ማን ነበር? ከውጭ የመጣ ጦር እጅግ ረድቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን እሳቱ እንዳይጠፋ ያቆየው ሌላ ነው። ለሦስተኞቹ ደግሞ፣ እኛም ሥራ ፈት ቀን እንዲበዛ አንፈልግም እንላቸዋለን። ቁም ነገሩ ቀኑ ሲውል ምን እንሠራበታለን የሚለው ነው።

በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ማይጨው ከተሸነፈ በኋላ በምዕራብ በነቀምት የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ድርጅት አባላት በብዛት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ድርጅቱ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ መማረክ ጋር ተበተነ፤ ከየካቲት 12 በኋላም ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ፈጁት። ከተገደሉት መካከል በእንግሊዝ አገር የተማሩት ዮሴፍና ቢንያም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። እነዚያ ወጣቶች ዛሬ እኛ ባለንበት ዕድሜ ወይም ጥቂት ከፍ ባለ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ዲፕሎማ መያዝ የሞት ፍርድ የሆነበት ጊዜ በዚህች አገር ነበር።

በምሥራቅ በኩል ያለውን ደግሞ ከእኛ በቀር ማን ያስታውሰዋል? በኦጋዴን ግንባር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ቆራሔን ሲከላከሉ በአይሮፕላን ጥቃት ቈስለው የሞቱት ግራዝማች አፈወርቅ አሉ። በዚያው ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰልፎ ጣልያንን የወጋው ሱማሌው ዑመር ሰመተር አለ፤ እርሱ ከጣልያን ጋር የተጣላው ከወልወል ግጭት ብዙ ዓመት አስቀድሞ በገዛ አገሩ ነው። በዚያ ግንባር የመርዝ ጋዝ ጭምር ዘንቧል። ኋላ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ከተማችን በከባድ ውጊያ ከተረፈች ወዲህ፣ ያ መራር ጦርነት የቀድሞውን ወንድማማችነት እንደ አቧራ ሸፍኖታል። በአንድ ቦይ ውስጥ አብረው የተዋጉ አባቶች ልጆች እርስ በርስ በጥርጣሬ የሚተያዩበት ዘመን መጣ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ ሐረሪው፣ አርጎባው፣ ጉራጌው በመጋላና በከዚራ አብረው በሚኖሩበት ከተማ፣ ዑመር ሰመተርንና ግራዝማች አፈወርቅን በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ አብሮ ማንሣት ከማንኛውም የአንድነት ዲስኩር ይበልጣል። እንዲህ ያለው ቀን ለጌጥ አይደለም፤ ለሰላማችን ያስፈልገናል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። አሁን ግን ተረቱ የተገለበጠ ይመስላል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በጣልያን አገር አፊሌ በምትባል ከተማ፣ ሐረርን ላቃጠለውና የየካቲት 12ን ፍጅት ላዘዘው ለግራዚያኒ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ መታሰቢያ ቆመለት። ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ተቃወሙ፤ በጣልያንም ውስጥ ብዙዎች አፈሩበት። የወጋን ሰው ወገኖች አልረሱትም፤ ስሙን በድንጋይ ጽፈውለታል። የተወጋነው ግን የተቃጠለችው ከተማ ጎረቤት ሆነን ቀኑን ሳናውቀው እንኖራለን። ለገዳዩ ሐውልት ሲሠራ መቆጣት ተገቢ ነው፤ ለሟቹ በገዛ ቤታችን ምን ሠራን ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሚያዝያ 27 ባለበት ይቆይ። ቀን መቀያየሩ ሕዝቡን ከማደናገር በቀር ያተረፈው ነገር የለም፤ ደግሞም ውድቀትንና ትንሣኤን በአንድነት የያዘ ሌላ ቀን አናገኝም። ከዚህ ጋር መጋቢት 20ን የድሬዳዋና የሐረር የመታሰቢያ ቀን አድርገን ከዚህ ዓመት ጀምሮ እንያዘው። ዕረፍት አንጠይቅበትም፤ ትምህርት አይቋረጥበትም፤ ከትምህርት በኋላ ማታ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ሥራው ግን ከዚያ በፊት ይጀመር። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ ከቤተሰቡ ወይም ከመንደሩ በዕድሜ የገፉትን አነጋግሮ ስለ አምስቱ ዓመት ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጽፎ ይምጣ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሱማልኛም፣ በሐረሪም ቢሆን እንደ ሰማው ይጻፈው፤ አያሳምረው። የተናጋሪውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሰማበትን ቀንና ቦታ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ የታሪክና የቋንቋ መምህራኖቻችን ይህን ሥራ ለመመሪያ ጽሑፍ አርእስት እንዲያደርጉት እንለምናቸዋለን። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲያችን ገና ወጣት ነው፤ ስለ ቆመበት ከተማ ያለው መዝገብ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲሞላ የምናደርገው እኛ ነን። ሦስተኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኞችን እንጠይቅ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፤ የጥንቱ ለገሃር ጸጥ ብሏል። ስለ አሮጌው ሐዲድ የሚያውቁት ሰዎች ዕውቀቱን ይዘው እንዳያልፉ እንፍጠን። አራተኛ፣ በዚያ ማታ ዲስኩር አይብዛ፤ የተሰበሰበው ቃል ይነበብ፤ ክርክርም ይኑር። ንጉሡን የሚነቅፍ ይንቀፍ፣ የሚያመሰግን ያመስግን፤ ብቻ ሁሉም ዓመተ ምሕረቱን አውቆ ይናገር።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። የጎደለው ጊዜ ነው። አሮጊት አያቱን ዛሬ ያልጠየቀ ተማሪ በሚመጣው ዓመት የሚጠይቃት ላያገኝ ይችላል። መንግሥታት በዓሉን ሲቀይሩት፣ ሲያዛውሩት፣ ሲመልሱት ሕዝቡን አልጠየቁም። የሚቀጥለውም አዋጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። በደብተር የተጻፈ የአንድ ሽማግሌ ቃል ግን በአዋጅ አይሻርም።

በሚቀጥለው እትማችን የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ለማውጣት ቦታ አዘጋጅተናል። ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አድርሱልን።

አዘጋጆቹ